ስድስተኛው ክብ

ሰባት ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ሲቀረኝ፣ ውሻ በዚህ ዓለም ላይ አምስት ነገር ብቻ እንደሚያውቅ ተማርኩ። ይተኛል፣ ይነቃል፣ ይጠረጥራል፣ ያባርራል፣ ይመለሳል። ስድስተኛ የለውም።

ይህን ያስተማረኝ ትምህርት ቤት አይደለም። ከአክስቴ የሥራ ጠረጴዛ በላይ በፕላስተር የተለጠፈ፣ ባለፈው ዓመት የቀን መቁጠሪያ ጀርባ ላይ የተሣለ ሥዕል ነው። አምስት ክቦች ነበሩበት፤ በየክቡ ውስጥ አንድ አንድ ቃል። በክቦቹ መካከል ቀስቶች ይመላለሳሉ፤ በየቀስቱ ላይ ደግሞ አክስቴ በደቃቅ ፊደል «ኮቴ ከሰማ»፣ «ሦስት ሰከንድ ጭር ካለ»፣ «ከሮጡ» እያለች ጽፋለች። ማንበብ የጀመርኩ ሰሞን ስለነበር ያገኘሁትን ሁሉ አነብ ነበር፤ ያነበብኩትን ሁሉ ደግሞ አምን ነበር።

አክስቴን ሁላችንም «ትንሿ» ነው የምንላት። የእናቴ ታናሽ ስለሆነች ነው እንጂ በቁመትስ እናቴን በአንድ ራስ ትበልጣታለች። በዚያ ዓመት የኢንሹራንስ መሥሪያ ቤት ሥራዋን ትታ፣ ባለ አንድ ክፍል ቤቷ ውስጥ ቁጭ ብላ የኮምፒውተር ጨዋታ ትሠራ ነበር። በጨዋታው አንድ ፖስተኛ ቦርሳውን አንግቶ ከግቢ ግቢ ደብዳቤ ያደርሳል፤ በየግቢው ውሻ አለ። በቃ፣ ነገሩ ይኸው ነው። እናቴ ግን ለሚጠይቃት ሁሉ፣ «እህቴ? እህቴማ ደህና ወንበሯን ጥላ ውሻ ትጠብቃለች» ትል ነበር።

እናቴ ሆስፒታል ካርድ ክፍል ትሠራለች። የከሰዓት ተረኛ ስለነበረች፣ እሷ እስክትወጣ የምቆየው ትንሿ ዘንድ ነው። ሁለቱ እህትማማቾች አንድ ቀን ከእኔ ራስ በላይ ውል ሲዋዋሉ ሰምቻለሁ፦ ትምህርት ቤት እስኪዘጋ ጨዋታው አልቆ የሚያወጣው ድርጅት ካገኘ፣ እሰየው፤ ካልሆነ ትንሿ ወደ ኢንሹራንሱ ትመለሳለች።

«ወንበርሽን ይዘውልሻል» አለቻት እናቴ።

«ወንበሩን እኮ ነው የጠላሁት!» አለች ትንሿ።

ችግሩ እኔ ነበርኩ። ትምህርት ቤት የሚለቀን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ትንሿ እኔን ለማምጣት ሥራዋን ልክ መሐሉ ላይ ስትቆርጥ፣ ሄዳ እስክትመለስ የጀመረችው ሐሳብ ጠፍቶባት ይቆያታል። «የቱ ጋ ነበርኩ?» እያለች ራሷን ስታክ ይመሻል። ብቻዬን ብመጣ ይህ ሁሉ ባልኖረ። መንገዱ እንደሆነ ቀጥ ያለ ነው፤ መሻገሪያ እንኳን የለውም። የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ፣ ልብስ ሰፊው፣ ዳቦ ቤቱ፣ ከዚያ ጋራዡ፤ ከጋራዡ ስድስተኛው በር የትንሿ ነው። ሁሉም ሰላም ነው፤ ጋራዡ ብቻ ሲቀር።

የጋራዡ የብረት በር ከማጠፊያው ከወለቀ ዓመት አልፎታል፤ ግድግዳ ተደግፎ ይዝጋል። በሩ በነበረበት ቦታ ላይ ሻምበል ይተኛል። ሻምበል ጥጃ የሚያክል፣ አንድ ጆሮው የተቀደደ፣ ከመኪና ዘይት የተነሳ የፀጉሩ ቀለም በውል የማይታወቅ ውሻ ነው። ሲጮህ ብዙም አልፈራውም። የምፈራው ጭንቅላቱን ቀና አድርጎ ዝም ብሎ ሲያየኝ ነው። ሰውም ዝም ብሎ ሲያየኝ እንደዚያው እሆን ነበር፤ አፌ ይያዛል፣ እግሬ መሬት ይነክሳል። አስተማሪዬ ስሜን ጠርታ «አቤት» እስክል ድረስ ሁለት ሌላ ልጅ ጠርታ ትጨርሳለች።

አንድ ቀን እንግዲህ ሥዕሉ ሥር ቆሜ ጠየቅኳት።

«ትንሿ፣ ይኼ ምንድን ነው?»

«ውሻው ነዋ።»

«ውሻው ያ አይደል?» አልኩ፣ ወደ ኮምፒውተሩ እያሳየሁ። በማያ ገጹ ላይ ቡናማ ነገር ተጋድሟል። «ድንች የሚመስለው።»

«አንቺ ልጅ፣ እጄ መሣል ካልቻለ ምን ላድርግ? ያ አካሉ ነው። ይኼኛው ጭንቅላቱ ነው።» ወንበሯን ወደኔ አዞረች። «ይኸውልሽ፣ ውሻው ምንጊዜም ከነዚህ ክቦች በአንዱ ውስጥ ነው። ሁለት ክብ ውስጥ ባንዴ መሆን የለም። ተኝቶ የሚያባርር አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም።»

«ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሄደው ደግሞ ቀስት ካለ ብቻ ነው። እስቲ ‹ይጠረጥራል› የሚለው ላይ ጣትሽን አድርጊ። ከዚያ ወዴት ወዴት ይሄዳል?»

በጣቴ ተከተልኩ። «ከሮጡ… ወደ ‹ያባርራል›። ሦስት ሰከንድ ጭር ካለ… ወደ ‹ይተኛል›።»

«በቃ! ውሻ ማለት ይኸው ነው።»

የቱ ውሻ እንደሆነ አልጠየቅኳትም። ሁለት ጥያቄ በተከታታይ የምጠይቅ ልጅ አልነበርኩም። የጠየቅኩት ሌላ ነው፤ ሦስት ሰከንድ መሆኑን ውሻው በምን ያውቃል?

«ኮምፒውተሩ በሰከንድ ሠላሳ ሥዕል ይሥላል» አለችኝ። «በየሥዕሉ ውሻውን ‹የተሰማህ ነገር አለ?› ብሎ ይጠይቀዋል። ዘጠና ጊዜ ‹የለም› ካለ፣ ሦስት ሰከንድ ሆነ ማለት ነው፤ ይተኛል።»

ዛሬ እኔም መተዳደሪያዬ ይኸው ሙያ ነው፤ አዲስ ለሚቀጠሩ ልጆች ክብና ቀስት ስሥል እውላለሁ። ነገሩን ከትንሿ አሳጥሮ ያስረዳ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። «በሰከንድ ሠላሳ ሥዕል» ያለችው ላይ ግን አንድ ስህተት ተቀብሮ ነበር። እሷም አላየችውም።

በማግስቱ ጧት ጫማዬን እያሰርኩ፣ «ዛሬ ብቻዬን ነው የምሄደው፤ ከትምህርት ቤት ወደ ትንሿ ቤት» አልኩ።

እናቴ ማበጠሪያዋን እንደያዘች ቆመች። «ውሻውስ?»

«አውቀዋለሁ» አልኩ።

እናቴ እህቷ ጋ ደወለች። ለረጅም ጊዜ «አንቺ ነሽ የነገርሻት? እ? እኮ ምን ብለሽ?» ስትል ቆየችና በመጨረሻ፣ «እንግዲያው በርሽ ላይ ቆመሽ እያት፤ ኋላ ጉድ እንዳትሠሪኝ» ብላ ዘጋችው። በዚያው ቀን ከሰዓት ትንሿ ራሷ መጥታ ከትምህርት ቤት ወሰደችኝ፤ «ከሰኞ ጀምሮ» አለችኝ። ቤት ስንደርስ ሻይ ቀድታልኝ ከበሩ ውጭ ቆማ በስልክ ስታወራ ሰማኋት።

«ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተኝቶ ይሁንልኝ… አይ፣ ትንሽ ቀና ቢል ግድ የለም፤ እንዳይነሳ ብቻ… አንተ ግን አትታይ። እንዴት ብለህ እንደሆነ እኔ ምን አውቃለሁ? ካየችህ አለቀ።»

ትንሿ በስልክ ስለ ውሻው ማውራቷ አዲስ ነገር አልነበረም። የጨዋታ ሥራ መስሎኝ ዳቦዬን በሻይ እየነከርኩ ቀጠልኩ።

ያን ሰኞ እንዴት እረሳዋለሁ! ዳቦ ቤቱን ካለፍኩ በኋላ የጎማና የተቃጠለ ዘይት ሽታ ተቀበለኝ። ከጋራዡ ውስጥ ሬዲዮ ይንጫረራል። በሩ አጠገብ ሞተሩ የወጣለት አሮጌ መኪና ቆሟል፤ ከመኪናው ሥር ሁለት ትልልቅ ጥቋቁር ቦት ጫማዎች ወጥተው ይታያሉ። ሻምበል በቦታው ተጋድሟል። አንገቱ ላይ ገመድ አለ፤ የገመዱ ሌላኛው ጫፍ ከመኪናው ሥር ይገባል።

ገመዱን አይቼዋለሁ። ዛሬ ይህን ሳወራ ሰዎች «አላየሽውም ነበር?» ይሉኛል። አይቼዋለሁ፤ ግን ክቦቹ ውስጥ ገመድ የሚባል ነገር ስላልነበረ ከቁም ነገር አልቆጠርኩትም።

ሻምበል ቀና አለ። *ነቅቷል።* የቀረች ደህና ጆሮው ቆመች። *ይጠረጥራል።* በቆምኩበት ደረቅሁ። በጫማዬ ውስጥ በአውራ ጣቴ እየተጫንኩ ቆጠርኩ፤ ሠላሳ፣ ስልሳ፣ ዘጠና። ሻምበል አፉን ከፍቶ አዛጋ፤ ጭንቅላቱን በእግሮቹ ላይ መልሶ ጣለ። *ይተኛል።* ሳልሮጥ፣ መሬት መሬት እያየሁ አለፍኩ።

ትንሿ በሩን ስትከፍትልኝ እያለከለከች ነበር፤ አንድ እግሯም ባዶ ነው። ቁጭ ብላ የምትሠራ ሰው ለምን እንደምታለከልክ አልጠየቅኳትም።

«ምን አደረግሽ?» አለችኝ።

«ቆጠርኩ።»

አነሳችኝና ኮርኒሱን በጭንቅላቴ አስነካችኝ።

ከዚያ ሰኞ ጀምሮ ሰባት ሳምንት፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ቆጥሬ አልፌያለሁ። ትንሿም ሥራዋ ሠመረላት። አንዳንዴ ከእናቴ ጋር ወደ ቤት ስንሄድ፣ «ውሻውን ላጥና» ብላ ማስታወሻ ደብተሯን ይዛ ወደ ጋራዡ ስትገባ እናያት ነበር። በማግስቱ እጅጌዋ ላይ የመኪና ግራሶ ይገኛል፤ ብቻዋንም ትስቃለች። ማስታወሻ ደብተሩን አንድ ቀን ገልጬ አየሁት፤ ስለ ውሻ የተጻፈው አንድ መስመር ነበር። ውሻው ምን ያህል ቢያስቅ ነው አልኩ በሆዴ።

እኔ ደግሞ ክብና ቀስቱን ወደ ሰው አዛመትኩት። እናቴ ከ«ተቆጥታለች» ወደ «ትስቃለች» ቀጥታ ቀስት የላትም፤ መጀመሪያ በ«ደክሟታል» በኩል ማለፍ አለባት፤ ከዚያ እግሯን ዘርግታ ስትቀመጥ ብቻ ነው የምትስቀው። አስተማሪዬ ሁለት ክብ ብቻ ነው ያላት። ራሴንም ለመሣል ሞክሬ ነበር፤ «ዝም ብላለች» ከሚለው የሚወጣ ቀስት አጥቼ ተውኩት።

ትምህርት ቤት ሊዘጋ ሲቃረብ፣ ጨዋታውን የሚያወጡት ሰዎች ለቅዳሜ ቀጠሯት። «በዚህ ሞክሪው» ብለውም አዲስ ኮምፒውተር ላኩላት። ረቡዕ ከሰዓት ከካርቶኑ አውጥታ፣ ሲጫኑት ጧ የሚለውን የመጠቅለያ ላስቲክ እንድጫወትበት ሰጥታኝ፣ ጨዋታውን ጫነች። እናቴም በዚያ ቀን ቀድማ ወጥታ ስለነበር ሦስታችንም ጀርባዋ ላይ ቆመን… ማለቴ እኔና እናቴ ቆመን፣ እሷ ተቀምጣ፣ አየን።

ፖስተኛው ብቅ አለ። ብቅ እንዳለ ተፈተለከ። እግሮቹ አይታዩም። ውሻው ነቃ፣ ጠረጠረ፣ አባረረ፣ ተመለሰ፣ ተኛ፤ ይህ ሁሉ እናቴ «የታል?» ብላ ሳትጨርስ ነው።

«ምነው፣ ደብዳቤው የሞት መርዶ ነው እንዴ?» አለች እናቴ።

ትንሿ አልሳቀችም። ሁለት እጇን ጭንቅላቷ ላይ ጫነች። «በእጥፍ ፈጥኗል። ይኼ ማሽን በሰከንድ ስልሳ ይሥላል፤ እኔ ደግሞ ሁሉንም ነገር በሥዕል ቆጥሬ… ውሻው በእጥፍ ፈጥኗል። ቅዳሜ እንዲህ ካዩት አለቀልኝ።»

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» አለች እናቴ፤ ወዲያው ግን የእህቷን ፊት አየችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ሻይ ላፍላልሽ?» አለች።

እኔ ጥግ ይዤ ላስቲኩን አፈነዳለሁ። ሁለት ነገር ነው የገባኝ። አንደኛ፣ ውሻው በእጥፍ ፈጥኗል። ሁለተኛ፣ ትንሿ ዛሬ ጥያቄ ላይ ጥያቄ አይጨመርባትም። ስለዚህ ነገ የሚሆነውን ብቻዬን አሰብኩበት። ከአልጋዬ ላይ ሆኜ በጣቶቼ አካፈልኩ። ሦስት ለሁለት፤ አንድ ተኩል።

ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት፤ ዳቦ ቤቱ፣ የዘይቱ ሽታ፣ ሬዲዮው፣ ቦት ጫማዎቹ። ሻምበል ቀና አለ። ጆሮው ቆመች። ሠላሳ፤ አሥራ አምስት። አንድ ተኩል! አሁን ካላለፍኩ አባረረኝ ብዬ ሮጥኩ።

እውነተኛ ውሻ ደግሞ የሚሮጥ ልጅ ሲያይ ምን እንደሚያደርግ ሥዕሉ ላይ ያለ ቀስት ነው።

ከኋላዬ የተሰማኝ ድምፅ የውሻ ብቻ አልነበረም። ብረት ይንቋቋል፣ ሰው ይጮሃል። ዞር ብዬ አየሁ። ሻምበል ምላሱን አንጠልጥሎ እየመጣ ነው፤ ገመዱ ተወጥሯል፤ በገመዱ ጫፍ፣ በጀርባው የተኛ አንድ ትልቅ ሰውዬ፣ ከእነ ባለ ጎማ ሳንቃው፣ ከመኪናው ሥር በእግሩ በኩል ተስቦ ወጥቶ በግቢው ላይ ይነዳል። በአንድ እጁ መፍቻ ይዟል። በሌላው አየሩን ይቧጥጣል። «ቁም! ኧረ ቁም አንተ ጉደኛ!» ይላል። ሳንቃው የወለቀውን በር መታና ሰውዬው ተገለበጠ፤ ያኔ ሻምበል ባለበት ተገታ።

ቦርሳዬን ጥዬ እስከ ስድስተኛው በር በረርኩ።

«ትንሿ! ትንሿ! ስድስተኛ ክብ አለ!»

«ምን?»

«ይጎትታል! ሰው ይጎትታል!»

ብዙም ሳይቆይ በሩ ተንኳኳ። በጀርባ የተኛው ሰውዬ አሁን ቆሟል፤ ክንዱ ላይ ቦርሳዬ ተንጠልጥሏል፤ አንድ ቦት ጫማ አድርጎ ሌላውን በእጁ ይዟል። ከኋላው ሻምበል ጭራውን ይቆላል። መካኒኩን ከቦት ጫማው በላይ ሳየው ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ከትንሿ እግር ኋላ ተደበቅሁ።

«ተጎዳህ?» አለችው።

«እኔ? ኧረ እኔ በሽርሽር ላይ ነበርኩ» አለ። «እሷስ?»

«ገመዱ እንዴት እግርህ ላይ…» ትንሿ ወደ እኔ አየችና ሳል ያዛት። «እግርህ ላይ ተጠመጠመብህ አይደል? ሳታስበው።»

«ሳላስበው» አለ መካኒኩ፤ እሱንም ሳል ያዘው። ሁለቱም አንድ ላይ መሳላቸው ጉንፋን መስሎኝ ነበር።

ትንሿ ተንበርክካ ትከሻዬን ያዘች። «ለምን ሮጥሽ የኔ እመቤት? ሦስት ቆጥረሽ አልነበር የምታልፊው?»

«አንድ ተኩል ነው የቆጠርኩት።»

«ለምን?»

«ፈጥኗላ። በእጥፍ ፈጥኗል አላልሽም? ለሁለት አካፈልኩታ።»

መካኒኩ ጫማውን እያገላበጠ፣ «ሒሳቡስ ትክክል ነው» አለ።

«ውሻው እኮ አልፈጠነም» አለችኝ ትንሿ። «ሰከንድ የትም ሰከንድ ነው። በማሽኑ ተለክቶ…» እዚህ ላይ ቆመች። ቀስ ብላ ዞራ ኮምፒውተሯን አየች። ጠረጴዛው ላይ ከጧት ጀምሮ ስትሠራበት የዋለችው ወረቀት አለ፤ ዘጠና የሚለው ሁሉ ተሰርዞ መቶ ሰማንያ፣ ሠላሳው ተሰርዞ ስልሳ ተብሏል። ሁለት ገጽ ሙሉ።

«እኔስ ምን እያደረግኩ ነው?» አለች ለማንም ሳይሆን። «እሷ አካፈለች፤ እኔ አባዛሁ። ቅዳሜ ሌላ ማሽን ቢያመጡስ? ይኸው እሮጣለሁ፣ ይኸው ያባርረኛል።»

ወረቀቱን ጨምድዳ ጣለችው። «ውሻው ሥዕል መቁጠሩን ይተው። ሰዓት ይይ።»

«ውሻ ሰዓት ያያል?» አልኩ።

«የኔ ያያል።»

ከተቀመጠች በኋላ ሦስታችንንም ረሳችን፤ እኔን፣ መካኒኩንና ሻምበልን። መካኒኩ ውሻውን ይዞ እያነከሰ ሲወጣ እንኳን ቀና አላለችም። ሲመሽ ልሄድ ስል ብቻ፣ «ነገ መጥቼ ልውሰድሽ?» አለችኝ። አንድ ቀን ነው የቀራት። በሁለት መቶ ቦታ ላይ የተቆጠረውን ሥዕል ሁሉ ወደ ሰዓት መመለስ አለባት።

«ብቻዬን እመጣለሁ» አልኩ። «ሦስት እቆጥራለሁ።»

ዓርብ ዘጠኝ ሰዓት ጋራዡ ጭር ብሏል። ሬዲዮው አልተከፈተም። ከአሮጌው መኪና ሥር ቦት ጫማ የለም። ሻምበል ግን በቦታው ነው፤ ገመዱ መሬት ላይ ተዝረክርኮ ጫፉ ፀሐይ ላይ ተጋድሟል። ዛሬ ገመዱ ረዝሟል አልኩ በሆዴ።

ቀና አለ። ጆሮው ቆመች። ከዚያ ግን ከዚህ በፊት ያላደረገውን አደረገ፤ በአራት እግሩ ተነሳ። አንድ እርምጃ ወደ እኔ መጣ። እንዲህ የሚል ክብ አልነበረም። ጉልበቴ «ሩጪ» አለኝ። እኔ ግን ሰከንድ የትም ሰከንድ ነው ተብያለሁ። ሠላሳ። ትንፋሹ እጄ ላይ ደረሰ፤ ሞቃትና እርጥብ ነበር። ስልሳ። እጄን አሸተተ። ዓይኔን ጨፈንኩ። ዘጠና። ስገልጠው ወደ ቦታው ተመልሶ፣ ሁለት ጊዜ ዞሮ፣ ተጋድሟል።

ትንሿ በሩ ላይ አልነበረችም። ገፍቼ ስገባ ጣቶቿ አላረፉም፤ «መጣሽ? ስንት ሰዓት ነው?» አለችኝ። ያን ቀን ሙሉ ሰዓት ስትሠራ ሰዓት ረስታ ነበር።

ቅዳሜ ሰዎቹ በላኩላት ማሽን ሳይሆን፣ ሥራ አስኪያጁ ከቦርሳው ባወጣው ሌላ ኮምፒውተር ነው ያዩት። ፖስተኛው በሰው እርምጃ ሄደ፤ ውሻው ሦስት ሰከንድ ጠርጥሮ ተኛ። ትንሿ ወደ ኢንሹራንሱ አልተመለሰችም። ጨዋታው ሲወጣ ግን ውሻው አምስት ሳይሆን ስድስት ክብ ነበረው። በአራተኛው ግቢ ከመኪና ሥር አንድ መካኒክ አለ፤ የሮጠ ፖስተኛ ካለ ውሻው መካኒኩን ከእነ ሳንቃው እየጎተተ በማያ ገጹ ላይ ያልፋል። ልጆች ይህን ለማየት ብለው ሆን ብለው ይሮጡ እንደነበር ሰምቻለሁ።

ባለፈው ወር እናቴ ቤት ምሳ ላይ ነበርን፤ እናቴ፣ ትንሿ፣ እኔ፣ እንዲሁም ከብዙ ዓመት «ውሻ ጥናት» በኋላ የትንሿ ባል የሆነው መካኒክ። ጨዋታው እንዴት እንደተጀመረ ወሬ ተነሳ። ሰውዬው እንደ ቀላል ነገር፣ «ሰባት ሳምንት ሙሉ ገመድ ቁርጭምጭሚቴ ላይ አስሬ እኮ ነው የተኛሁት» አለ።

ሹካዬ አየር ላይ ቀረ።

«አላወቀችም እንዴ?» አለ ትንሿን እያየ። ከዚያ ወደ እኔ፦ «ዘጠኝ ሊሆን ሩብ ጉዳይ ሲል ከዚያ ሞተር ከሌለው መኪና ሥር እገባለሁ። የምሠራው ነገር የለም። ተኝቼ ሬዲዮ እሰማለሁ። ሻምበል ሊነሳ ሲል እግሬን ሳብ አደርጋለሁ።»

«ለምን ከመኪና ሥር? ቆመው አይዙትም ነበር?» አልኩ።

«ይቺ ናታ!» አለ፣ በአገጩ ወደ ትንሿ። «‹ሰው ካየች ታፍራለች፣ መቁጠሯን ትተዋለች፤ አትታይ› ብላኝ።»

ትንሿ ሰሃኗን ታያለች። እናቴ ግን፣ «ቆይ፣ ቆይ፣ ለእኔ ‹በሬ ላይ ቆሜ አያታለሁ› አልነበር ያልሽኝ?» ብላ ተነሳች። አሥራ ስድስት ዓመት ያደረ ጠብ ሊጫር ሲል ሰውዬው ለማብረድ ብሎ፣ «ኧረ ተይ፤ አንድ ቀን እንኳን አላጓደልኩም። ያቺን የተጎተትኩበትን ማግስት፣ ዓርቧን ብቻ። ያን ቀን አንቺ ሄደሽ ትወስጃታለሽ ብዬ ነው» አለ፣ ወደ ትንሿ ዞሮ።

«የቷን ዓርብ?» አለች ትንሿ።

«እግሬ ያበጠ ዕለት። ሐኪም ቤት ነበርኩ።»

«እኮ ዓርብ ዘጠኝ ሰዓት!» አለች እናቴ፤ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ። «ካርዱን ያወጣሁልህ እኔ አይደለሁ? ‹ተቀመጥና ተራህን ጠብቅ› ያልኩህ?»

«ውሻው ማን ጋ ነበር?» አለች ትንሿ። «ማን ያዘው?»

«ማን ይይዘዋል? ሻምበል ከግቢ አይወጣም…»

«ፈትተኸው ነበር?!»

ከዚያ በኋላ ማን ምን እንዳለ መለየት ያስቸግራል። ትንሿ ባሏን በናፕኪን ትመታለች፤ እናቴ ሁለቱንም ትረግማለች፤ እሱ «ልጅቷ ይኸው ተምራ ጨርሳ፣ ምን ሆነች?» ይላል። ወደ እኔ ያየ ማንም አልነበረም፤ እኔም ደስ ያለኝ ይኸው ነው። ሠላሳ አራቱን ቀን ያሳለፈኝ የሰውዬው ቁርጭምጭሚት መሆኑን በሰማሁ በሁለት ደቂቃ ውስጥ፣ ሠላሳ አምስተኛዋ ቀን በእጄ ላይ ተመልሳ ተቀመጠች፤ ሞቃትና እርጥብ ትንፋሽ ያላት።

ፊቴን እንዳያዩብኝ፣ «ሻይ ላምጣ» ብዬ ተነሳሁ። ኩሽናው ውስጥ ጀበናውን ሳይሆን በራዱን ጥጄ፣ በጫማዬ ውስጥ በአውራ ጣቴ እየተጫንኩ ጠበቅሁ። ሠላሳ፣ ስልሳ፣ ዘጠና። ጩኸቱ በረደ። ትንሿ ሳቀች።

ያኔ ወጣሁ።